ከዛፍ ልጥ ወደ እርሾ ያሸጋገሩን ባልደረባችን ዕረፍት

የመድኃኒትና የውበት መጠበቂያ ግብዓቶች ምርምር ተቋማችን፣ የማብላላት ክፍሉን ከምሥረታው ጀምሮ የመሩትንና ሁላችንም «እማማ እርሾ» እያልን የምንጠራቸውን ባልደረባችንን በሞት ማጣቱን ለሠራተኞቹና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐርፈዋል።

በ1996 ዓ.ም. በረዳት ባለሙያነት ሲቀጠሩ፣ ለቃጠሎ ቅባትና ለፊት ክሬም የሚሆነውን ዘይት የምናወጣው ከዛፍ ልጥ ነበር። ጥሬ ዕቃ ለመረከብ ጫካ በሄዱበት ቀን፣ ልጣቸው ተገፎ ቆመው የደረቁ ዛፎች አዩ። እንደተመለሱም የዛፉን ዘረመል ወደ እርሾ በማዛወር፣ እርሾውን ስኳር እየመገቡ ያንኑ ዘይት ማምረት እንዲቻል የጥናት ሐሳብ አቀረቡ፤ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመውን የማብላላት ክፍልም እንዲመሩ ተመደቡ።

በ2003 ዓ.ም. እርሾው ዘይቱን ሰጠ፤ ሆኖም በትንሽ ብርጭቆ ብቻ። በትልቁ የማብላያ ታንከር ሲሞከር ሌላ ረቂቅ ተሕዋስ እየገባበት ይበላሽ ነበር። የወቅቱ ሥራ አስኪያጅ ሥራው ይቅር ቢሏቸው፣ «እርሾው እሺ ብሎኛል፤ እምቢ ያለኝ ታንከሩ ነው። በታንከሩ ጥፋት እርሾውን አያባርሩብኝ» አሉ። ሥራው ቀጠለ፤ ዓመታትም ያለ ውጤት ነጎዱ።

በ2014 ዓ.ም. ከጥገና ባለሙያው ጋር ሆነው ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው ሲመረምሩ፣ በአንደኛው መታጠፊያ ላይ የእንፋሎት እጥበቱ የማይደርስበት ቦታ አገኙ። ቧንቧው ተቀየረ፤ ታንከሩም ንጹሕ ዘይት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ተቋሙ ልጥ ፍለጋ አንድም ዛፍ አልነካም።

ከዘይቱ የተሠራው የቃጠሎ ቅባት የሆስፒታል ሙከራ ውጤት ሲደርሰን ግን እሳቸው ራሳቸውን ስተው ነበር። የጥገና ባለሙያው አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ «እማማ፣ ሕመምተኞቹ ቁስላቸው እየጠገገ ነው አሉ» ሲል ነገራቸው። ይስሙት አይስሙት አላወቅንም። ይህ ሁላችንንም ሲቆጨን ይኖራል።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ለታናሽ ወንድማቸውና ለክፍሉ ባልደረቦች መጽናናትን እንመኛለን። ልጆቻቸው እናታቸውን ከእኛ ጋር ተካፍለው እንዳደጉ እናውቃለን። እናንተ ልጆቻቸው፣ እሳቸውን በሥራ ያቆየንባችሁን ምሽቶች ልንመልስላችሁ አንችልም።

የተቋሙ ሥራ አመራርና ሠራተኞች