ለግራ መሪው ሰው፣ ከቀኝ ወንበር

ይድረስ ለጌትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ መርዶ አለብኝ። ቀይዋ ፔርሙስህ ባደረባት የማፍሰስ ሕመም በቤት ውስጥ በፕላስተር ስትታከም ቆይታ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ሥርዓተ ቀብሯም ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት፣ ማለትም እኔና የጎረቤት ድመት በተገኘንበት፣ እዚሁ ዌምብሊ ደጃችን ላይ ባለው የካውንስሉ ሰማያዊ የቆሻሻ ቢን ውስጥ ተፈጽሟል። ልጅህ ሶስና ግን ከሥራ ስትመለስ «ማሚ፣ ፔርሙስ እኮ ሪሳይክል አይደረግም!» ብላ አስከሬኗን አውጥታ ወደ ሌላኛው ቢን አዛወረቻት። በዚህ አገር ሞቶም ማረፍ የለም።

አንተ ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ከሁለት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትህ ደረሰ። በቤት በኩል ሶስና በአራተኛው ሙከራ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ሦስቴ የወደቀችው ባንተ ምክር ነው። «ራስሽን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አስተካክይ» ያልካት ለግራ መሪ እንጂ ለእሷ መኪና እንደማይሆን ፈታኙ በጽሑፍ አስታውቋታል። እኔ አሁንም ከአልጋው በቀኝ በኩል ነው የምተኛው። በግራው ማንም የለም፤ መኪናው ያለ ሾፌር ቆሟል።

አሁን ወደ ክሴ ልግባ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብሬህ እያለሁ እኔን ሳትጠይቅ አንዲት መኪና እንኳ ቀድመህ አታውቅም። በመጨረሻው ቀን ግን፣ እኔ በቀኝህ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሳትጠይቀኝ አለፍክ። ተቀይሜሃለሁ። ቅያሜዬ ተራ እንዳይመስልህ ከመጀመሪያው ላስታውስህ።

በደርግ ጊዜ ከአሰብ አዲስ አበባ ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሾፌር፣ ሎንደን ሲገባ ቶተንሃም ባለ የጭነት መኪና ግቢ ውስጥ መጥረጊያ ሰጡት። ጠረግክ። ስትጠርግ ጥግ ላይ የቆመች አንዲት መኪና አገኘህ፤ እንግሊዝ ሠራሽ፣ መሪዋ ግን በግራ። እኛ ከመምጣታችን ዓመታት ቀደም ብሎ እንግሊዞች ዕቃቸውን በመርከብ አሻግረው በየብስ እስከ ኢራንና ኢራቅ ድረስ ሲያደርሱ፣ ፋብሪካዎቻቸው ለዚያ መንገድ ብለው ጥቂት ግራ መሪዎች ሠርተው ነበር። ወልዶ ለባዕድ አገር እንደማሳደግ ነው። ሞተሯ ከአንዱ ፋብሪካ፣ ማርሿ ከሌላው፣ ጋቢናዋ ከሦስተኛው። መሪው ወደ ግራ መዛወሩን ለዝናብ መጥረጊያዎቿ የነገራቸው አልነበረም መሰለኝ፣ በቀኝ በኩል ያለውን መስታወት አጥርተው ሲጠርጉ ያንተን ፊት ግማሹን ለዝናቡ ይተዉት ነበር።

የግቢው ሾፌሮች የገዛ አገራቸው ልጅ አልገባቻቸውም። በግራ ገብተው ግራ ተጋብተው ይወጣሉ። አንተ መጥረጊያህን ግድግዳ አስደግፈህ ገባህና ቁጭ አልክ። ሜካኒኩ ሬይ «ይሄ ወንበር አያስፈራህም?» ቢልህ «ሌላ ወንበር አላውቅም» አልከው። መጥረጊያው ለሌላ ሰው ተሰጠ። መኪናዋንም «ግራዋ» አልካት። ቅጠሉን፣ ምሬቱን የሚያውቅ በግቢው ስላልነበረ ቀልዱ የሁለታችን ብቻ ሆኖ ቀረ።

ችግሩ እዚህ አገር መንገዱም በግራ መሆኑ ነው። አንተ ጠርዙ ላይ ተቀምጠህ፣ ከፊትህ አንድ ትራክተር ቢገባ የምታየው የትራክተር ጀርባ ብቻ ነው። መንገዱን የሚያየው በቀኝ የተቀመጠው ነው። እሱም እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭነት ይዘህ ባሕር ስትሻገር እስከ ዶቨር ወደብ እሸኝህና በባቡር እመለስ ነበር። «ልለፍ?» ትላለህ። አንገቴን አስግጌ አይና ወይ «ቆይ» ወይ «እለፍ» እልሃለሁ። «እርግጠኛ ነሽ?» ብለህ አታውቅም። በወጥ ጨው፣ በዘመድ ጠብ፣ በቴሌቪዥን ሪሞት አንድ ቀን አምነኸኝ የማታውቅ ሰው፣ ሁለታችንን አንድ ላይ በሚገድል ነገር ላይ ግን የኔን አንዲት ቃል ይዘህ ፍሬቻ ታበራ ነበር።

ወደቡ ላይ ስንለያይ እንደ እናቴ «ቀኝ ያውልህ» እልሃለሁ። «ካልዋልኩማ ፖሊስ ይይዘኛል» ትለኛለህ። ለካ ከባሕሩ ማዶ የሚነዳው በቀኝ ነው። እዚያ ስትደርስ መንገዱም ለመሪህ ይገጥማል፣ ሁሉንም ራስህ ታያለህ፣ ረዳት አያሻህም። ይህን ስትነግረኝ ሳቅኩ። በባቡሩ ግን እስከ ሎንደን ድረስ ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ ያኔ አልነገርኩህም፤ ማዶ ላይ የማታስፈልግ ሚስት መሆን ደስ አይልም።

ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ሁሉ የስዊድንና የሆላንድ መኪና ወደደ፤ አልጋ ያለው፣ ማሞቂያው የምር የሚያሞቅ። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ በራቸውን ዘጉ። የተረፉት ግራ መሪዎች ዛሬ በበጋ እሁድ ሜዳ ላይ ይሰለፉና ሻይ የያዙ ሽማግሌዎች እንደ ታቦት ይሳለሟቸዋል። ግቢያችን ሲዘጋም ሬይ ግራዋን ኬንት ወስዶ በአንድ ገበሬ መጋዘን ውስጥ አኖራት። አንተ ከታመምክ ጀምሮ ሲጠግናት ነበር። ሊያሳይህ ፈልጎ ነበር፤ አልደረሰም።

ባለፈው እሁድ ደወለና «ነይ፣ ተነስታለች» አለኝ። ሄድኩ። ጋቢናዋ ላይ የወጣሁት ሬይ ከታች እየገፋኝ ነው፤ ዝርዝሩን ለክብሬ ስል እተወዋለሁ። በቦታዬ ተቀመጥኩ። በቦታህ ሬይ ተቀመጠ። ብዙም ሳንሄድ ጭድ የጫነ ትራክተር ከፊታችን ገባ። «ክሊር?» አለኝ ሬይ፤ የእሱ «ልለፍ?» መሆኑ ነው።

አንገቴን አሰገግኩ። መንገዱ እስከ ኮረብታው ድረስ ባዶ ነው፤ ዶሮ እንኳ የለበትም። አፌን ከፈትኩ። «እለፍ» የምትለዋ ቃል አልወጣችም።

«ክሊር፣ ዳርሊንግ?»

«ዌት» አልኩት።

ከኋላችን የተሰለፈው መኪና የሚኒስትር ቀብር ይመስል ነበር፤ ልዩነቱ በሚኒስትር ቀብር ላይ ክላክስ አይነፋም። ትራክተሩ ወደ እርሻው እስኪታጠፍ ድረስ በእግር ፍጥነት ተከተልነው። ስንወርድ ሬይ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ራሱን እያከከ «እሱንም እንዲህ ታስጠብቂው ነበር?» አለኝ። ለሶስና ነገሩን ስነግራት «ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?» አለችኝ። «አባትሽን ስለተቀየምኩ ነው፤ ሳይጠይቀኝ አለፈ» አልኳት። አቀፈችኝ። ማቀፏ ባሰ።

በቀብርህ ዕለት ቄሱ «በቀኙ ያቁምልን» ሲሉ ሳቄ መጥቶ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ፤ ሕዝቡ ለቅሶ መሰለው። ሁለቱንም ነበር። ግራ ተቀምጦ ቀኝ ሲውል የኖረ ሰው ቀኙ አይጠፋውም ብዬ ነው የሳቅኩት። ለሙት ዓመትህም ይህንኑ ይደግሙታል፤ ነጠላዬን አዘጋጅቻለሁ። ጸሎቱ ሲያበቃ ሬይ ግራዋን ይዞ ይመጣል። በቀኙ ወንበር እወጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ የምትገፋኝ ሶስና ናት። ሲጠይቀኝ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ቃሏን እላታለሁ። ብልም አንተን ረሳሁ ማለት አይደለም። ያቺን ቃል ካንተ በቀር ለማንም ብያት ስለማላውቅ፣ ባልኳት ቁጥር የምትሰማው በስምህ ነው።

እስከዚያው ቀኝ ያውልህ።

ረዳትህ፣ የሺ

እርማት፦ ከላይ ስለ አቶ ጌታሁን «ሳትጠይቀኝ አለፍክ» ተብሎ የተጻፈው፣ ለልጃቸውም በቃል የተነገረው፣ ስህተት ሆኖ ተገኝቷል፤ ለዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን። ትክክለኛው የሚከተለው ነው። በዚያ በመጨረሻው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ነርሷ ትራስህን አስተካክላ ከወጣች በኋላ፣ ዓይንህን ሳትገልጥ «ልለፍ?» ብለሃል። ከአልጋህ በቀኝ የተቀመጠችውም አንገቷን አስግጋ አይታለች። የሚመጣ ነገር አልነበረም። «እለፍ» አለችህ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አላልካትም።