ያልፋል ያለው ባቡር

ጥቅምት ፯፣ ሥላሴ። ጧት።

ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ ነኝ። ቀለሙ ቀጥኗል፤ ውሃ ጨምሬበት ነው። የጣሊያኑ ምሽግ አዛዥ ካፒታኖው (ከእንግዲህ ካ/ እለዋለሁ፤ ቀለም ይተርፋል) ትርጉሙን እስከ ወሩ መጨረሻ ጨርስ ብሏል። አዲስ በከፈቱት ት/ቤት ለቡሬ ልጆች ሊነበብ ነው። ደብተሬ ሆይ፣ ሦስት ዓመት የእስረኛ ቃል ስተረጉም ኖሬ አሁን የባቡር ጭውውት እተረጉማለሁ። ሹመት ነው፣ እልል በይ።

መጽሐፉ የራሴ ነው። አባቴ ድሬዳዋ ሐዲድ ሲጠግን፣ እኔ ፈረንጆቹ ቄሶች ዘንድ ፊደላቸውን ስቆጥር፣ አንዱ ቄስ የሰጠኝ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ፣ ባቡሮቹ የሚናገሩበት። አባቴ ሲሞት ወደ ቡሬ ይዤ የተመለስሁት እሱንና አንድ ብርድ ልብስ ነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ካ/ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘው፣ ገለጠው፣ ሳቀ። በልጅነቱ እሱም በቋንቋው አንብቦታል። በዚያው ትእዛዝ ሆነ።

ጥቅምት ፲፪፣ ሚካኤል። ከቀኑ ፱ ሰዓት።

ዛሬ እስከ መጨረሻው ደግሜ አነበብሁት። ባላነብ ይሻል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ጥቁርና አንድ አረንጓዴ ባቡር አሉ። ጥቁሩ ባቡር አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቆማል። ፉርጎዬ ውስጥ ምንድን ነው የጫናችሁት፣ ወዴትስ ነው የምትነዱኝ ብሎ ይጠይቃል። የጣቢያው ሹም ይቆጣል። ጨለማ ቤት ያስገባዋል፣ እሳቱን ያጠፋበታል፣ እስኪዝግ ይተወዋል። ክረምቱ አልፎ ሲያወጡት ያመሰግናል፤ ከዚያ ወዲያ ጠይቆ አያውቅም። አረንጓዴው ባቡር ከመጀመሪያውም ስላልጠየቀ አዲስ ቀለም ይቀባል፣ ደወል ይታሰርለታል። አለቀ።

በልጅነቴ ጥቁሩ ከጨለማ ሲወጣ በደስታ አልቅሻለሁ። ዛሬ ግን አፈርሁ። ይኸ ሁሉ ዓመት ያቀፍሁት መጽሐፍ ይኸ ኖሯል? ካ/ ይኸን ምዕራፍ ከሁሉ አብልጦ ወዶታል። እዚህ ላይ አማርኛው ይመር ብሏል።

አረንጓዴው እኔ ነኝ። ደወሌ በየወሩ የሚሰፈርልኝ ዱቄት ነው። አምና መጋቢት አንድ የቋሪት ገበሬ ለካ/ ያለውን ቃል በቃል ተረጎምሁ። በማግስቱ ገበያ መካከል ሰቀሉት። ትርጉሙ ልክ ነበር።

ጥቅምት ፲፮፣ ኪዳነ ምሕረት።

የእኔ አማርኛ የአስተርጓሚ አማርኛ ነው፤ ለዛ የለውም። የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ድሬዳዋ ሳልሄድ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ የደብሩ የቅኔ መምህር። ደቀ መዛሙርታቸው ግማሹ ጫካ ገብቷል፣ ግማሹን ረኀብ በትኖታል። ብቻቸውን ፀሐይ ይሞቃሉ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ባቡር የምትለው ያ ከሰማይ እሳት የሚጥለው ነው ወይ ብለው ነው። እዚህ አገር የታየ ባቡር የአየር ባቡር ብቻ ነዋ። የለም የኔታ፣ የምድሩ ነው፣ ብረት ላይ ይሄዳል፣ ከብረቱ ወጥቶ አያውቅም አልኋቸው። መንገዱን የማይመርጥ? ምስኪን! አሉ።

ከዚያ ትንሹ ባቡር ሽማግሌውን ባቡር «አንተ» ሲለው ሰሙ። መቋሚያቸውን አነሡብኝ። ታላቁን አንተ የሚል ምን ሊማሩበት ነው አሉ። «አንቱ» አደረግነው። ፈረንጁ ይኸን ቢያውቅ ምን ይል ይሆን።

መንኰራኵሩ የሚለው ነገር ነው የቸገረኝ። ፈረንሳይኛው ቱፍ ቱፍ ብቻ ነው፣ ባዶ። ጉልበቴን እየመታሁ አካሄዱን አሰማኋቸው። ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ በመቋሚያቸው መሬቱን ደለቁ፣ ቆዩ፣ ቆዩና፦ ያልፋል፣ ያልፋል፣ ያልፋል፣ ያልፋል።

ወላዲተ አምላክን፣ ባቡሩ በጓሯቸው ያለፈ መሰለኝ።

ወንዙን ስሻገር ነው የገባኝ። ባቡሩ ያልፋል። ይኸ ዘመንም ያልፋል። ምሽጉ ውስጥ ያሉትም ያልፋሉ። ተመለስሁ። የኔታ፣ ማነው የሚያልፈው? አልኋቸው።

«ባቡሩ ነዋ! ሌላ ከሰማህ የሰማኸው አንተ ነህ» አሉኝ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቤት ገብቼ ልሰርዘው ብዕር አነሣሁ። አልሰረዝሁትም። አማርኛው አሳሳኝ።

ጥቅምት ፳፯፣ መድኃኔዓለም። ቀትር።

ት/ቤቱ አነበበው። ልጆቹ የጣቢያ ሹሙንም ደወሉንም ከቁም ነገር አልቆጠሩት። የያዙት አንዲቱን ቃል ነው። የፊተኛውን ኩታ ጫፍ እየያዙ ይቀጣጠሉና በምሽጉ በር ያልፋል ያልፋል እያሉ ይሮጣሉ። ዘበኞቹ ያጨበጭባሉ። ካ/ በረንዳው ላይ ቆሞ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

አንጓች ባለቤቴ ይኸን ስነግራት በስንት ጊዜዋ ሳቀች። አስተርጓሚ ከሆንሁ ወዲህ ሰው ፊት ስትስቅ አላውቅም፤ ከእኔ ጋራ ወንዝ እንኳ አትወርድም፣ ሴቶቹ ዝም ይሏታል። ዛሬ ስትስቅ ደስ አለኝ። ብዙ አልቆየም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለች፣ ሣቋን ሳትጨርስ።

ኅዳር ፩። ገበያ።

ቃሉ ከልጆቹ እጅ ወጥቷል። ጨው ሻጩ ለገዢው ሲሰፍር ያልፋል ይላል። የምትገዛውም አሜን ትላለች። የምሽጉ ግንብ ላይ አንድ ሰው በከሰል ጽፎታል፣ ፊደሉ ቆንጆ ነው። ካ/ ምን ማለት ነው አለኝ። ባቡሩ ያልፋል ማለት ነው አልሁት። እሱም ቃሉን እየጎተተ ደገመው፣ አፉን ሞላው። በአማርኛ የሚያውቀው የመጀመሪያ ቃል ሆነ።

ኅዳር ፬።

ከደብረ ማርቆስ ሌላ አስተርጓሚ መጣ። አማርኛውን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል፣ ቅኔም ቤት ደጃፍ ዐልፎ ይሆናል። ልጆቹን አንዴ ሰማቸውና ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ አላማረኝም።

ኅዳር ፭፣ አቦ። ከቀኑ ፲ ሰዓት።

ልጻፈው።

ጧት ካ/ አስጠራኝ። ያኛው አጠገቡ ቆሟል። ወርቁን ፈትቶ ነግሮታል። ካ/ አልጮኸም። ቃሉ የአንተ ነው ወይስ የሌላ ሰው? አለኝ። እኔ፣ እዚያው፣ ትንፋሽ እንኳ ሳልወስድ፦ የቅኔ መምህሩ ነው የሰጠኝ።

አልመታኝም። ሁለተኛ እንኳ አልጠየቀኝም። ለምን አልሁት? ፈርቼ ነው። ደብተሬ ሆይ፣ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ከቀትር በፊት የኔታን አመጧቸው። እጃቸው የፊጥኝ ታስሯል፣ መቋሚያቸውን ያኛው አስተርጓሚ ይዞላቸዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስተርትበት የኖርሁት ነገር ነው፤ አሁን ገባኝ።

ኅዳር ፮።

አንጓች አታናግረኝም። እንጀራዬን አስቀምጣ ጓሮ ትወጣለች።

ለየኔታ ስንቅ ይዤ ሄድሁ፣ ዘበኛው መለሰኝ። እሷ ስትሄድ አስገባት። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ የኔታ የላኩልኝን ተናገረች። «ለዚያ ልጅ ንገሪው፣ ሰሙን እሱ ይያዝ፤ ወርቁን እኔ እይዘዋለሁ።»

እሳቸው ጥፋቱን ለብቻቸው ሊሸከሙ፣ እኔ ምንም እንዳልገባኝ ሆኜ ልተርፍ ነው። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። አልተቆጡም። አለቀስሁ። አንጓች አየችኝና ወጣች።

ኅዳር ፯፣ ሥላሴ። ማምሻውን።

ምርመራ። የምተረጉመው እኔ፣ የሚያቃናኝ ያኛው። የኔታ አላዩኝም። ካ/ ማነው የሚያልፈው ብሎ ጠየቀ። ተረጎምሁላቸው፣ «አንቱ» እያልሁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ የቤቱን ባለቤት ያልፋል ቢሉት ምን ያስደነግጠዋል? የሚደነግጥስ መንገደኛው ነው።»

ባቡሩ ነው ይላሉ ብዬ ለካ/ ነገርሁት። ያኛው ሳል አለና ሙሉውን ተረጎመለት። ልክ ነበር፣ አንዲት ቃል አልጣለም። ካ/ ትክ ብሎ አየኝ።

ፍርዱ ተጻፈ፣ ስቅላት። ነገ በሦስት ሰዓት፣ ገበያ መካከል፣ የቋሪቱ ሰው በተሰቀለበት ግንድ። ለሕዝቡ በአማርኛ የማነብበው እኔ ነኝ። ወረቀቱን እጄ ላይ ሲያኖረው አማርኛው ይመር አለኝ።

ኅዳር ፰። ጧት።

ተኝቼም አልተኛሁም። ሌሊቱን ስለዚያ ጥቁር ባቡር አሰብሁ። ጨለማ ቤት ውስጥ ሳለ ምን እንደሚል መጽሐፉ አይነግርም። ሹሙ ይናገራል፣ አረንጓዴው ይናገራል፣ እሱ ግን እሳቱ ስለጠፋ ዝም ይላል። ልጅ ሳለሁ ይኸን ሳላስተውል ዐለፍሁት።

አንጓች ዛሬ ቀድማ ተነሥታለች። ነጭ ጋቢዬን አውጥታ አልጋው ላይ አኑራዋለች። ያሰብሁትን አልነገርኋትም። አልጠየቀችኝምም።

ወረቀቱን አላነብም። ቆርጫለሁ። የኔታ ሰሙን ያዝ ብለውኛል፣ የኔታን ሳልታዘዝ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። ግንዱ ሥር ስቆም፣ ቃሉ የእኔ ነው፣ በሽማግሌው ላይ በሐሰት ያመካኘሁ እኔ ነኝ እላለሁ። አንዴ በአማርኛ ለገበያው፣ አንዴ በጣሊያንኛ ለካ/። ትርጉሙ ልክ ይሆናል።

ያድናቸዋል ብዬ አይደለም። ተናግረዋል፣ ተጽፎባቸዋል። በአንዱ ግንድ ፈንታ ሁለት ያቆሙ እንደሆነ ነው። አውቃለሁ። ፈርቻለሁ፤ ይኸንም ልጻፈው።

ደብተሬ ሆይ፣ አንቺን አንጓች ጎተራው ሥር ትቀብርሻለች። መጽሐፉን አብራ እንዳትቀብረው ነግሬያታለሁ፤ እሳት ታንድድበት።

በር ተመታ። እነሱ ናቸው። ከሁለቱ ቋንቋ በኋላ ጊዜ ከሰጡኝ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ካ/ በአማርኛ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ አስተርጓሚ አያስፈልገውም፣ ያንን ቃል ፊት ለፊቱ