የክሌቶ ቡስቶስ ሕይወትና የኮረብታው ስም

ይህን በቀብር ላይ የሚነበብ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ መጀመሪያ የታዘዘው ከዋና ከተማው ከሳን ሆሴ የመጣው የሟች የበኩር ልጅ፣ ጠበቃው ራሚሮ ነበር። እኔ ልናገር ብል፣ «አክስቴ፣ አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም፤ አንቺ አልቅሺ፣ መጻፉን ለእኛ ተይው» አለኝ። ሟችን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩትን፣ ጥርስ ሲያወጣ ጣቴን የነከሰኝን እኔን! ስለዚህ እኔ ቴርሲላ ቡስቶስ ተናገርኩ፣ የልጄ ልጅ ዮርሌኒ ጻፈች። አንድም ቃል እንዳታሳምርብኝ ነግሬያታለሁ። ራሚሮ ቆሞ ያንብበው። መስመር ቢዘል ወረቀቱ በሁላችሁም እጅ ነው።

ዶን ክሌቶ ቡስቶስ ከአባታቸው ከዶን ኤቫሪስቶ ቡስቶስ እና ከእናታቸው ከዶኛ ሌአንድራ አንጉሎ በጓናካስቴ ክፍለ ሀገር፣ በኤል ሆኮቴ መንደር እ.ኤ.አ. በ1943 ተወለዱ። ታናሽ ወንድሜ ናቸው፤ ቢሆንም የቀብር ወግ ነውና አንቱ እላቸዋለሁ። እስከምችለው ድረስ።

በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ አባታችን አንሥተው ኮርቻ ላይ አስቀመጧቸው፤ በላስ ኮዮሌራስ የከብት እርባታም እረኛ ሆኑ። በየበጋው ሣሩ ሲደርቅ አዲስ እንዲበቅል ሜዳውን ማቃጠል ሥራቸው ነበር። ያኔ ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ማንም አያፍርበትም። ነፋሱን በጉንጬ አውቀዋለሁ ይሉ ነበር፤ ሰውም ያምናቸው ነበር።

በ1968 ከዶኛ ኤሜሪታ ሴርዳስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል። ኤሜሪታ ቀድማቸው ሄዳለች፤ ይህን ሳትሰማ በመሄዷ አልፎ አልፎ እቀናባታለሁ።

በ1974 መንግሥት እርባታውን ገዝቶ ብሔራዊ ፓርክ አደረገው። ከብቱ ተሸጠ፣ እረኞቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ወንድሜ ግን በዚያው ባርኔጣና በዚያው ፈረስ የፓርኩ ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። የመንደሩ ሰው ሳቀባቸው። «ክሌቶ፣ ላሟን ትተህ ዛፍ ልታግድ ነው?» ሲሏቸው፣ «ዛፍ ምን አለበት፣ ጎረቤት እርሻ ገብቶ አያጣላኝም» ብለው ይመልሱ ነበር። ሲያቃጥሉት የኖሩትን ሜዳ አሁን ከእሳት እንዲጠብቁ ታዘዙ። ሥራቸውንም ወደዱት። ይህ እውነት ነው፤ አልነፍጋቸውም።

ከፓርኩ ድንበር ጥግ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ዶን ኔፍታሊ ኦባንዶ ትንሽ የግጦሽ መሬት ነበራቸው። ወንድሜ የልጃቸው የኤርሚዳ የክርስትና አባት ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ አበልጆች ነበሩ። ዶን ኔፍታሊ መሬታቸውን ለፓርኩ አልሸጥም ያሉ፣ አንዴም አጋዘን ገድለው የተያዙ፣ አፋቸው የማያርፍ ሰው ነበሩ። የፓርኩ ሰዎች አይወዷቸውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ወንድሜን አንቱ ማለት አልችልም። አንቱታው ለዶን ኔፍታሊ ይሁን።

በ1986 በጋ ከመንገድ በኩል እሳት ተነሣ። ክሌቶ በፈረስ ከሁሉም ቀድሞ ከኮረብታው ሥር ደረሰ። የሚመጣ እሳት ከፊቱ ሌላ እሳት ተለኩሶ የሚበላውን ሣር እንዲያጣ ይደረጋል፤ የጠባቂዎች ዘዴ ነው። ግን ያለ አለቃ ትእዛዝና ነፋስ ሳይበርድ አይለኮስም። ወንድሜ ነፋሱን አውቀዋለሁ ብሎ በቀትር ብቻውን ለኮሰ። ነፋሱ ዞረ። ከመንገድ የመጣውን እሳት ሌሎቹ ወዲያው አጠፉት፤ የእሱ ግን ሳምንት ሙሉ ነደደ። ጦጣዎች ልጆቻቸውን እንዳቀፉ ከዛፍ ይወድቁ ነበር። አባቶቻችን የተጠለሉበት ጫካ አመድ ሆነ።

አለቃው መጥተው የእሳቱ መነሻ በዶን ኔፍታሊ አጥር አጠገብ መሆኑን አዩና፣ «ይህ የኔፍታሊ ሥራ ነው አይደል?» ብለው ክሌቶን ጠየቁት። አዎ አላለም። አይደለም አላለም። ዝም አለ። ፖሊሶች ዶን ኔፍታሊን መኪና ላይ ሲጭኗቸው ሁላችንም ቆመን አየን። «አበልጅ!» ብለው ጮኹ፣ «ኧረ አንተ ንገራቸው እንጂ! አንተ ታውቀኛለህ!» ወንድሜ የባርኔጣውን ጠርዝ እያሻሸ መሬት መሬት አየ። ያን ቀን ያዘነላቸው መስሎኝ ነበር።

ዶን ኔፍታሊ ታስረው ተፈቱ፣ መሬታቸውን አጡ፣ ወደ ደቡብ ሙዝ እርሻ ሄደው እዚያው ሞቱ። ኮረብታው «የኔፍታሊ ቃጠሎ» ተባለ። በካርታው ላይ እንዲህ ተጻፈ፣ በፓርኩ በር ሰሌዳ ላይም እንዲሁ። አስጎብኚዎች ታሪኩን እየተቀባበሉ ይናገሩታል። ኤርሚዳ በመንገድ ዳር ምግብ ቤቷ ሩዝና ባቄላ እያቀረበች፣ ጎብኚ «የኔፍታሊ ቃጠሎ በየት ነው?» ሲላት በእጇ ታሳያለች። የገዛ አባቷን ስም!

ክሌቶ እስከ ጡረታው አገለገለ፤ በተቃጠለው ቦታ ችግኝ ተከለ። ሽልማት ሲሰጡት ይሸሽ ነበር። ራሚሮ መጀመሪያ ባዘጋጀው ወረቀት ላይ ይህን «ትሕትና» ብሎታል። ትሕትና አልነበረም፤ እፍረት ነበር።

ባለፈው ጥር ሳንባው ደክሞ ተኝቶ ሳለ እሳቱን የለኮሰው እሱ መሆኑን ነገረኝ። «ቄሱ ያውቃሉ?» አልኩት።

«ተናዝዣለሁ፤ ንስሐም ሰጥተውኛል።»

«ኤርሚዳስ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ስሞት ንገሪልኝ፣ ቴርሲላ።»

«እግዚአብሔርን ሳትፈራ ኤርሚዳን ፈራህ?» አልኩት። አለቀሰ። እኔም አላባበልኩትም። ያሳደግኩት እኔ ነኝና ፊቴን የት ላድርገው ነበር ያልኩት።

የካቲት 9 ቀን 2019 በቤቱ ዐረፈ። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትቷል። ራሚሮ የዘለላትን አንዲት የክርስትና ልጅም ትቷል። ትናንት ሄጄ ነገርኳት፤ ለእናንተ ለለቀስተኞች ታማል የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ነበር። እጇን እንኳ አላቆመችም። «እማማ ቴርሲላ፣ አባቴ እንዳላደረገው እኔ ድሮም አውቃለሁ። እነሱ ናቸው የማያውቁት» ብላ በሩ ላይ ወደቆመው የጎብኚዎች አውቶብስ በአገጯ ጠቆመች።

የወንድሜን ነፍስ እግዚአብሔር ይማር፤ ከዶን ኔፍታሊም ጋር ያገናኘውና እዚያ እንኳ አፉን ይክፈትለት።

የፓርኩ ኃላፊ ዶን ኢቫን ማታሪታ፣ አዲሱን የእግር መንገድ ዛሬ በወንድሜ ስም ሊሰይሙ እንደመጡ ሰምቻለሁ። ንግግርዎን ከኪስዎ አያውጡት። ስሙን መስጠት ከፈለጉ ለገዛ ሥራው ይስጡት፤ ሰሌዳውን ያውርዱና «የክሌቶ ቡስቶስ ቃጠሎ» ብለው ያስጽፉ። ከመቃብር ስንመለስ በፓርኩ በር ነው የምናልፈው፤ ኤርሚዳን ክንዷን ይዣት እመጣለሁ፣ ያን ጊዜ ያ ሰሌዳ ተሰቅሎ እንዳላየው።