ዳዶው ገባ?

ውድ ጌቾ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጀምር፣ ጤና ከሚጠየቅበት ሰፈር ወጥተሃል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ሁሉ ይሠራል። ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን ልደታ ማርያም አስቀድሰን፣ ጎረቤቱን አብልተን አሳለፍነው። ያኔ ልጽፍልህ ወረቀት ይዤ ብቀመጥ እንባዬ ቀደመኝና ተውኩት። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው። ሰሞኑን ስንት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ እንኳ እጄ የፍሬን ዘይት ይሸታል፤ አንተ ደግሞ ይህን ሽታ ከሽቶ አስበልጠህ ትወደው ነበር።

እቤት ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ልጃችን ናቲ እዚያው ባንክ ቤት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ክራባቱን የማቃናለት አሁንም እኔ ነኝ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ናት፣ የኮንዶሚኒየሙን ዚፕና የሱሪ ጠርዝ ሁሉ እሠራለሁ። መርፌ ማስገባት ቢያስቸግረኝ ያንተን መነጽር አደረግኩት፤ ለካ ስታሾፍብኝ የኖርከው ጥሩ መነጽር ይዘህ ነው። ቮልስህም መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ እንደተወካት አለች። በሳምንት አንድ ቀን አስነስቼ ተክለ ሃይማኖት እሄዳለሁ፣ ክርና ገበር ገዝቼ እመለሳለሁ።

ታዲያ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከግቢ ልወጣ ስል ፍሬን ብረግጥ እግሬ እስከ ወለሉ ወረደ። የእጅ ፍሬኑን ጎትቼ ከቆሻሻ ገንዳው ጋር ቀስ ብዬ ተሳሳምኩ። ገንዳውም ቮልሷም ምንም አልሆኑም፤ ክብሬ ግን ተጎዳ፣ ምክንያቱም የግቢው ጥበቃ ቆሞ ያየኝ ነበር። ናቲ በመስኮት አይቶ በካልሲው ደረጃውን ወረደ።

«አባዬን ቀብሬያለሁ፤ አንቺን በዚች ቆርቆሮ ምክንያት አልቀብርም። ትሸጣለች» አለኝ።

በቁጣ ቢለው እመልስለት ነበር። በካልሲው የወረደው ፈርቶ ነው። ግን አንተ ሠላሳ ዓመት በእጅህ ያቆየሃትን መኪና እንዴት ብዬ ልስጥ? በመጨረሻ ተደራደርን። የዓመቱ ምርመራ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ፍሬኗ በደንብ ተሠርቶ ምርመራውን ካለፈችና ቦሎ ከተለጠፈላት ትቀመጣለች፤ ከወደቀች ቁልፉን በገዛ እጄ ልሰጠው ቃል ገባሁ። ቃሌን እንደማልበላ አንተም ታውቃለህ፣ ልጅህም ያውቃል።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከፊት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ዝጎ፣ ዘይቱ በየቦታው ይንጠባጠባል። ሌሎቹም ቱቦዎች ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ጋራዥ ብጠይቅ አንዱ የተበሳውን ቆርጬ መሃሉን በጎማ ልቀጥልልሽ አለኝ። ይህን ብትሰማ ከመቃብር ትነሳ ነበር። እውነቴን ነው የምልህ ጌቾ፣ ለአንድ አፍታ እሺ ልለው ቃጣኝ።

እቤት ገብቼ ዕቃህን ስበረብር ከቁም ሣጥኑ ጀርባ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። አዲስ የፍሬን ቱቦ፣ ጥቅሉ እንዳለ። ከመታመምህ በፊት ልትቀይረው ገዝተህ አስቀምጠኸው ኖሯል። ቱቦውን ከማያያዣው ጋር የሚያጠብቁትን ዳዶዎችም በሙሉ ላዩ ላይ ሰክተህ፣ እንዳይወልቁ ጫፉን በሽቦ አስረኸዋል። እኔ ጎበዟ ምን አደረግኩ? አቧራ ይዟቸዋል ብዬ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አወለቅኩ፣ በቤንዚን አጠብኩ፣ እንዳይጠፉ የአዝራር ጣሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ይህን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጓደኛህን ጋሽ በየነን ለመንኳቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው መሥራት አይችሉም፤ ግን መጡ። ቮልሷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ የሠራሁትን በጣታቸው እየዳሰሱ ያርሙኝ ጀመር። የቱቦው አፍ ካልሰፋ ዘይቱን አምቆ አይገጥምም፤ ስለዚህ ቱቦውን በዚያ ባለ ቀዳዳ ማነቂያህ አስነክሼ፣ ሾጣጣውን ብሎን ቀስ እያልኩ አጠብቃለሁ። መጀመሪያ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከዚያ እጥፉ በራሱ ላይ ተደርቦ ይከፈታል። ጌቾ፣ ይህ እኮ የሱሪ ጠርዝ ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልዩ ጥበብ አስመስለህ ስትኮራብኝ የኖርከው ሁለቴ የታጠፈ ጠርዝ ነው!

ደግሞ ብዙ እንዳልፎክር፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጫፎች ተበላሹብኝ። አንዱ ተሰነጠቀ፣ ሁለቱ ጠመሙ። እኔ ይህ ያስኬዳል ስል ጋሽ በየነ ጣታቸውን አሳርፈው «ቁረጪው» ይሉኛል። «ስፌት ቢተረተር ሱሪ ይወልቃል፤ ይህ ቢተረተር ሰው ይሞታል።» ቆረጥኩት። ልኬቱ ላይ ግን ማንም አይስተካከለኝም፤ አሮጌውን ቱቦ በስፌት ሜትሬ ለክቼ፣ ለጠርዝ የሚሆን አትርፌ ነው የቆረጥኩት።

ግቢው ሁሉ ጉድ አለ። የእድራችን ሴቶች በረንዳ ላይ ተሰልፈው፣ አልማዝ ሐዘኑ ናላዋን አዞረው ሳይሉኝ አልቀሩም። ያንተን ቱታ እጅጌውን አሳጥሬ፣ ወገቡን አጥብቤ ለብሼው ነበር። ያምርብኛል፤ ካንተ ይበልጥ ያምርብኛል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ረጅሙን ቱቦ ያዝኩ። አንዱን ጫፍ ሠራሁ፣ ሌላውን ሠራሁ፣ እንከን አልነበረውም። ጋሽ በየነ ዳሰሱት፣ ደገሙትና «የጌታቸው እጅ ነው» አሉ። ደስታዬን አልነግርህም። ቱቦውን ይዤ ልገጥመው ጎንበስ አልኩና የማጠብቀው ዳዶ ፈለግኩ። ዳዶዎቹ እላይ ቤት፣ ከአዝራሮቼ ጋር!

አፉ አንዴ ከሰፋ በኋላ ዳዶ በየትም እንደማይገባ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ከሰኞ እስከ ዓርብ መዝገብ ቤት፣ ቅዳሜ የጓደኞችህ ቮልስ ሥር ነበርክ፤ ያቺን ዳዶ ሳታስገባ አፉን አስፍተህ ስትራገም ስንቴ ሰምቼሃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ዕቃ የማቀብልህ መስዬ አጠገብህ ቆሜ ሁልጊዜ የምጠይቅህ፦ «ዳዶው ገባ?» አንተ ደግሞ «ጨቀጨቅሽኝ!» ትለኝና ዞር ብለህ፣ ያላየሁህ እየመሰለህ፣ ዳዶዋን ታስገባ ነበር።

መሬት ላይ ተቀምጬ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ጋሽ በየነም ገብቷቸው ግንባራቸውን መቱ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ አለቀስኩ። መጠየቅ የኔ ሥራ ነበር፤ ሥራውን እኔ ስይዘው የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። አንተ እንኳ በመጨረሻ ተምረህ፣ ዳዶዎቹን ሁሉ አስቀድመህ ሰክተህ ነበር። ሰምተኸኝ ኖሯል። ይህን ማወቄ ምን ያህል እንደጠቀመኝ አትጠይቀኝ።

ናቲ ሳቄንም ልቅሶዬንም ሰምቶ ደንግጦ ወረደ። የሆነውን ነገርኩት። ከዚያ ልጅ ሳለ የቮልሷ ኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ ስንጨቃጨቅ ይሰማ እንደነበር አወራልኝ፤ «ዳዶ» የሚባል ሰው ቤታችን ሊመጣ የምንጠብቅ ይመስለው ነበር አለ። ጣሳውን ከላይ አምጥቶ ከአዝራሮቹ መሃል ዳዶዎቹን ለቀመ። አንዱን ጫፍ ቆርጠን፣ ሁለቱንም ዳዶዎች አስገብተን እንደገና ሠራነው። ለጠርዝ ያተረፍኩት አዳነኝ፤ ቱቦው አላጠረም። ናቲ ልብሱን ቀይሮ መጣና እስከ ማታ አልተለየንም።

የመጨረሻዋን ቱቦ ማነቂያው ላይ አስነክሼ ላጠብቅ ስል ከኋላዬ ድምፅ መጣ፦ «እማዬ፣ ዳዶው ገባ?»

«ጨቀጨቅከኝ!» አልኩ፣ ሳላስበው፣ በሙሉ ያንተ ቁጣ። ጋሽ በየነ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ያንተን ድምፅ የሰሙ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔም ዞር ብዬ ዳዶዋን አስገባሁ። አዎ፣ ረስቻት ነበር።

ከቱቦዎቹ አየር ማስወጣት ሲደርስ ቦታ ተለዋወጥን። ፔዳሉን ስረግጥልህ የኖርኩት እኔ ነበርኩ፤ ያን ቀን ናቲ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ፣ እኔ ከሥር ተኛሁ። ከኋላ ቀኝ ጎማ ጀምረን «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» እያልኩ ጮህኩበት። ለካ ከሥር ሆኖ ማዘዝ እንዲህ ደስ ይላል! ዘይቱ ከነአረፋው ወጣ ወጣና ጠራ። በመጨረሻ ፔዳሉ ጠንክሮ አልወርድም አለ። ጋሽ በየነ በየመገጣጠሚያው ጣታቸውን አሳልፈው ደረቅ መሆኑን አረጋገጡ።

የምርመራው ዕለት ናቲ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ መጣ። ቁልፉን በእጄ ጨብጬው ነበር። መርማሪው ወጣት ነው። ፍሬኗን ፈተነ፣ መብራት ይዞ ከሥር አየ፣ ደግሞ አየና ቱቦውን ማን እንደሠራው ጠየቀ። እኔ ነኝ ስለው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ናቲ ግን አልሳቀም፣ ኮስተር ብሎ «እናቴ ናት የሠራችው» አለው። አለፈች ጌቾ! ቦሎውን መስታወቱ ላይ የለጠፈው ራሱ ናቲ ነው፣ እንዳይጠምም ሁለት ጊዜ አቃንቶ። ቁልፉን ብዘረጋለት ጣቶቼን መልሶ አጠፈልኝና «ያንቺ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እኔም አለሁበት» አለኝ።

ይኸው ነው ወሬዬ። በየወሩ ለልደታ ሻማ ሳበራ ስምህን እጠራለሁ፤ እሱ የታወቀ ነው። ሌላም ቃል ልግባልህ፣ የኔን ቃል ታውቀዋለህ። ቮልሷ ሥር በገባሁ ቁጥር፣ ናቲ ኖረም አልኖረም፣ ከማጥበቄ በፊት ጮክ ብዬ «ዳዶው ገባ?» እላለሁ። ከዚያ ትንሽ እጠብቃለሁ፤ አንተ እስክትቆጣኝ።

ሠላሳ ዓመት ፍሬን የረገጠችልህ፣
አልማዝ