በሱፍቃድ ወንድሙን ሲፈልግ

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ
ውሃ ጠፍቷል። ጀሪካን ላወርድ ቁምሳጥን ላይ ስንጠራራ የድሮው ፕሌይስቴሽን ካርቶን አብሮ ወረደ። ይሠራል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ሠራ። ሚሞሪ ካርዱ ውስጥ ያስቀመጥኩት ጨዋታ እንዳለ ነው፤ ባለ ሰይፉ ሰውዬ የመጨረሻው ግንብ በር ላይ ቆሟል። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ እዚያ ተውኩት። ለምን አልጨረስኩትም? አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ጓደኛ... ሌላ ምክንያት ትዝ አይለኝም።

ኅዳር 7፣ እሑድ
ከመጀመሪያው ጀመርኩት። እጄ ረስቷል። ድልድዩ ላይ ስንቴ ሞትኩ...
ያኔ ጌጃ ሰፈር እኔ ስጫወት እህቴ ሶረቲ ጎኔ ተቀምጣ ከስር የሚወጣውን እንግሊዝኛ ትተረጉምልኝ ነበር። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ የማታውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሰውዬውን በሱፍቃድ አለችው። ሽፍቶች የወሰዱበትን ታናሽ ወንድሙን ነው የሚፈልገው። ድልድዩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ አጎቱ ናቸው፤ "እራት ሳትበላ አትሂድ" ይሉታል።
ዛሬ ራሴ አነበብኩት። ሽማግሌው "አንድ እርምጃ ብትጨምር አንገትህን እቆርጠዋለሁ" ነው የሚሉት። ብቻዬን ሳቅኩ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ
ከሥራ መልስ ቀጠልኩ። ወንድም የሚባል የለም። ሰውዬው ቅጥረኛ ገዳይ ነው። ሶረቲ አንዷን መስመር እንኳ በትክክል አልነገረችኝም... ዛሬ አላሳቀኝም።
እማዬ ስትታመም ሶረቲ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁማ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለ ልብስ ስፌት ቤት ገባች። ይህን መቼም አልረሳሁትም። ታዲያ እንግሊዝኛውን ከየት አመጣችው ብዬ አላስብም? እሷ እየሠራች እኔ ተማርኩ። አንድ ቀን ደብተሬን ገልጬ "ነይ እዪ" አላልኳትም። አፈርኩ።
ልንገራት? ትሸማቀቅብኝ ይሆን? ደወልኩላት። እሑድ ነይና በሱፍቃድን እንጨርሰው አልኳት። እስካሁን አልጣልከውም እንዴ አለችኝ።

ኅዳር 14፣ እሑድ
ብርቱካን ይዛ መጣች። ሶፋውን ትታ ምንጣፉ ላይ ጎኔ ተቀመጠች። መነጽር ጀምራለች፤ መቼ እንደጀመረች አላውቅም።
ካርዱ ላይ የቀረውን የድሮውን ጨዋታ ከፍተን ግንቡ ውስጥ ገባን። እሷ "በግራ፣ በግራ" እያለች፣ እኔ እየሞትኩ... በስንት መከራ የግንቡን ንጉሥ ጣልነው። መዝጊያው መጣ፤ ጽሑፉ ከስር መውጣት ጀመረ።
"ምን አለ?" አለችኝ። ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።
ወንድሙን አገኘው ልበላት? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መዋሸት አቃተኝ፤ የተጻፈውን ነገርኳት። ክፍያውን ተቀብሎ ብቻውን ሄደ።
"የኔው ይሻል ነበር" አለች።
በጣም ይሻል ነበር አልኳት። ብርቱካኗን እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣
"እንግሊዝኛ ቶሎ እንዳይገባህ እጸልይ ነበር" አለች። "ከገባህ ጎንህ አታስቀምጠኝማ።"
ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ጎኔ አላስቀመጥኳትም። ታክሲ ድረስ ሸኘኋት።

ኅዳር 15፣ ሰኞ
ከሥራ ወጥቼ ወደምኖርበት ኮንዶሚኒየም አልታጠፍኩም። ጌጃ ሰፈር፣ የድሮው ቤታችን ወረድኩ። ሶረቲ በር ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ።
"ምን ሆንክ? ማን ሞተ?"
ማንም፤ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት አልኳት። አላመነችኝም፤ እስክቀመጥ ድረስ ፊቴን ታየኝ ነበር። ለካ ያለ ጉዳይ በሯን አንኳኩቼ አላውቅም።