ለምረቃ ያሰፋሁት ቀሚስ

ጅጅጋ፣ ረቡዕ ሰኔ 12 ቀን 2005

ጎረቤቴ ሆዳን ተሻላት፤ ስኳሯ ወርዶላት ዛሬ ደጅ ወጥታ ተቀምጣለች። ልጇ ሂክማ በሚቀጥለው ወር ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፣ ደስታው ነው መሰለኝ ያስነሳት። "ልጆቻችን በአንድ አውቶቡስ ነው የሄዱት፣ እኛም በአንድ አውቶቡስ ሄደን እናስመርቃቸው" አለችኝ። ቀኑን ልጠይቀው ብዬ እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ለልጄ ለዳዊት ደወልኩ።

"የምን ምረቃ እማዬ? ኢንጂነሪንግ እኮ አምስት ዓመት ነው፤ ገና ሁለት ይቀረኛል። ነግሬሽ ነበር" አለኝ።

መቼ ነው የነገረኝ? እኔ እንደ ሂክማ ሦስት ዓመት መስሎኝ ዘመድ ሁሉ ጠርቻለሁ። ወድቆ ይሆን የሚደብቀኝ? ደግሞ ይስቃል። ሆዳንን ብጠይቃት፣ "ወላሂ፣ አንቺ ስልክ ላይ ታወሪያለሽ እንጂ መች ትሰሚያለሽ!" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ይሆናል። ግን ይሄን የሚያህል ነገር እንዴት ያመልጠኛል?

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊው አብዲ የምረቃውን ቀሚስ ይዞ መጣ። ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል ስለው ቀሚሱን ገለበጠና ስፌቱን አሳየኝ። "ግድ የለም እትዬ አስናቀች፣ ጎንና ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ትቼበታለሁ፤ እስከዚያ ብትወፍሪም ይለቀቃል" አለኝ።