አሮጌው ድልድይ ላይ የጠራኝ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ገብሱስ ታጨደ? እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ስልክ ቢሠራም አልደውልልሽም ነበር፤ ድምፄን ሰምተሽ የሆዴን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ይህን በእኅትሽ በካሣነሽ እጅ ሰደድኩልሽ።

ቅዳሜ እኛ የመካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪዎች አሮጌውን የብረት ድልድይ ልንጎበኝ ወረድን። ድልድይ ደግሞ ምኑ ይጎበኛል እንደምትዪ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። አዲሱ ድልድይ ከተሠራ ወዲህ ሰውና አህያ እንጂ መኪና አያልፍበትም። ብረቱ ዝጓል፤ ነፋስ ሲመታው ያቃስታል። ባልደረቦቼ ፎቶ ሲነሱ እኔ ብቻዬን እስከ መሀሉ ሄድኩ።

እዚያ ነው «እታለም!» ሲለኝ የሰማሁት። የመሐሪ ድምፅ ነው፤ የወንድሜን ድምፅ አልስትም። ሳላስበው «አቤት!» አልኩ። ዞር ብል ማንም የለም። እናቴ፣ ፈራሁ።

ድልድዩ አፍ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ጽጌ የምትባል ሴት ሰምታኝ ሮጣ መጣች። ምነው እቴ፣ ወንዝ ላይ ሦስቴ ሳይጠሩሽ አቤት ይባላል እንዴ ብላ ተቆጣችኝ። ማን ጠራሽ ስትለኝ ነገርኳት፤ ዓምና በነሐሴ ለሥራ ወደ ቆላ እንደወረደና ወሬው እንደጠፋ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለው፣ አንቺም ልጄ ይመጣል እያልሽ ልቅሶ እንዳይቀመጡ ጎረቤቱን እንደከለከልሽ። ጠባሳውን ስትሰማ ቆሎዋን ለሰው አደራ ሰጥታ፣ እጄን ይዛ ዳገቱ ላይ ወዳለችው ማርያም ወሰደችኝ።

እዚያ ያየሁትን አልጽፍልሽም። እንዲህ ያለው ነገር በአገራችን በወረቀት አይነገርም። ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው፤ ክረምት ወንዙ ያመጣባቸውን እንግዳ እንደ ወገናቸው ይቀበላሉ። ቄሱ በጋይንት ቤተ ልሔም የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓመት ሙሉ ሲጸልዩ፣ ስም የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «አንተ ታውቀዋለህ» እያሉ እንዳለፉ ነገሩኝ። ከዚያ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ።

እኅቱ ሆኜ አላውቀውም! እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያች ሰዓት ተናደድኩብሽ። ከእሱ በፊት ሁለት ወንድ ቀብረሽ ስለነበር፣ መተተኛ እንዳይሰማው ብለሽ ስሙን ከእኛም ደበቅሽው። አልፈርድብሽም፤ እኔም እናት ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር።

አሁን ግን ስሙን ለካሣነሽ በጆሮዋ ንገሪያት። ከእንግዲህ መተተኛ አይደርስበትም። እሷ ካንቺ ጋር ትሰነብታለች፤ ብቻሽን እንዳታድሪ። እኔም በዚህ ሳምንት እመጣለሁ። በሩን አትዝጊው፤ ሰው ቢመጣም አትከልክዪ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ልጅሽ